ከድሬ የሚመጡ ጓደኞቼን ቅዳሜና እሁድ የት ልውሰዳቸው? (ፒያሳ፣ 4 ኪሎ፣ መስቀል አደባባይ)

የ4 ኪሎዋ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ጓደኞቼ አርብ ማታ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ይገባሉ፣ ሰኞ ከሰዓት ይመለሳሉ። ሁለት ወንዶች፣ አንዷ ሴት ጓደኛዬና እናቷ ናቸው። ሆቴል ፒያሳ ተይዞላቸዋል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ባድግም ከቤት ቢሮ ከቢሮ ቤት ነው ኑሮዬ፣ እንግዳ ይዤ ዞሬ አላውቅም፣ ደሞ ፒያሳ የማውቃቸው ቤቶች ብዙዎቹ ተነስተዋል ዶሮ ማነቂያ ራሱ የለም፣ ስለዚ በድሮው ልምራቸው ብል ግራ መጋባት ነው የሚሆነው።

ሁኔታው እንዲህ ነው። አንደኛው ሙስሊም ነው፣ ሐላል ካልሆነ ሥጋ አይበላም መጠጥም አይጠጣም። ሌላኛው ጥሬ ሥጋ ካልበላሁ አዲስ አበባ መጣሁ አልልም ብሏል። እናቷ ስድሳ አምስት አካባቢ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አርብና ረቡዕ ይጾማሉ፣ ሥላሴ ሄጄ ጃንሆይ ያረፉበትን ማየት አለብኝ ብለዋል። ወጣቶቹ ደሞ ማታ ዘፈን ያለበት ቤት ይፈልጋሉ። አራቱንም አንድ ገበታ ላይ ማስቀመጥ ነው ሐሳቤ፣ የትና የት ላብላቸው? ያው ሁላችንም ደሞዝተኞች ነን፣ በጣም ውድ ቦታ አትላኩኝ።

ቢጫ ጃኬት

እንኳን ደህና መጡ። በአጭሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቶሞካ ማኪያቶ፣ ከዛ ጊዮርጊስ፣ ከዛ ዓድዋ መታሰቢያ። ሶስቱም ፒያሳ ናቸው፣ ሆቴላቸውም እዛው ስለሆነ ታክሲ ምናምን የለም። ቶሞካ ከ1950ዎቹ በፊት ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ቆመህ ነው የምትጠጣው፣ እናታችን ጉልበታቸውን ካመማቸው ግን እዛ ብዙ አታቆሚያቸው፣ የተፈጨ ቡና ገዝተሽላቸው ውጡ።

ስድስት ኪሎ ነኝ

እህቴ እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፣ በቀን አንድ ሰፈር። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ጠዋት እንጦጦ፣ ምሳ ቦሌ፣ ከሰዓት መርካቶ፣ ማታ ደሞ ሌላ ይላል፣ ግማሹ ቀን መኪና ውስጥ ያልቃል እንግዶቹም የሚያስታውሱት መጨናነቁን ነው። የእናንተ ሰፈር ደሞ ሙሉ ቀን የሚያውል ነው።

ቅዳሜን ከላይ ጀምሩ ከ6 ኪሎ፣ ምክንያቱም መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ለእናትየው ጉልበት ይሻላል። አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፣ በ1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለተጨፈጨፈው ሕዝብ የቆመ ነው። ከዛ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ፣ መታወቂያ ያዙ በር ላይ ይጠየቃል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው፣ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከታህሳስ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፣ አሁን ውስጡ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንዳለ ተቀምጧል፣ እናታችን ጃንሆይን ከወደዱ እዚህ ብዙ መቆየት ይፈልጋሉ አታጣድፏቸው።

አንድ ነገር ደሞ እንዳታልፉ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሚሄደው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ግቢው ላይ እየተጠመዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። ጣልያን ነው የሠራው፣ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አላፈረሱትም፣ በላዩ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት በቃ። እኔ እዛ ጋ ቆሜ ለሰው ባወራሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ለጓደኞችሽ አንቺ አስረጃቸው።

ከዛ ወደ 5 ኪሎ ትወርዳላችሁ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት፣ በ1967 ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ለእይታ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ቅጂዋ ነው፣ ግን ቁመቷን ስታዪ ትገረሚያለሽ የልጅ ያህል ናት። ሐዳር አፋር ነው፣ የድሬ ሰው ደሞ አፋርን ጎረቤቴ ነው ይላል፣ ደስ ይላቸዋል።

ከዛ 4 ኪሎ ሥላሴ። ጃንሆይና እቴጌ መነን ጎን ለጎን በድንጋይ መቃብር ውስጥ ናቸው፣ ጃንሆይ እዛ ያረፉት ጥቅምት 1993 ነው። ግቢው ውስጥ የአርበኞች መቃብር አለ፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድህንም እዛው ነው ያረፈው፣ ሲልቪያ ፓንክረስትም። ቅዳሴ ሳያልቅ ብትደርሱ መቃብሩ ጋ መግባት ላይመች ይችላል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። ነጠላ አትርሱ፣ ጫማ ይወልቃልና ለእናታችን ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ይሁን።

ሰዓዳ በኒን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። የምግቡን ጉዳይ እኔ ልመልስ፣ እኛ ቤት ሁሌ የሚያጋጥም ነገር ነው። አራቱንም አንድ ገበታ ላይ ለማስቀመጥ ከፈለግሽ ሥጋውን እርሺው፣ የጾም በያይነት እዘዢ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አተር ክክ፣ ሱፍ ፍትፍት። ሙስሊሙም ይበላል እናታችንም ይበላሉ፣ የአርብ ቀን ባይሆንም ማንም ቤት አለ፣ ዋጋውም ከሥጋ ይቀላል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ምሳ ሰዓት የጾም ቡፌ ይታወቃል፣ ፒያሳ ናችሁ በእግር ነው። ቤቱ ራሱ መታየት ያለበት ነው፣ እቴጌ ያሰሩት የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ ወለሉ እንጨት ነው ሲረገጥ ይጮሃል። ጥር 2007 ላይ እሳት ጎድቶት ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ግን ሆቴሉ ተርፏል።

ሥጋ ያማረው ጓደኛችሁ ለብቻው አንድ ምሳ ይውሰድ፣ ሙስሊሙ ደሞ ከፈለገ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሶማሌ ምግብ ቤቶች አሉ ሩዝ በፍየል ሥጋ። ግን እህቴ ከድሬ የመጣን ሰው ፈቲራና ፉል ልጋብዝህ ብለሽ አትውሰጂው፣ እነሱ ቤት ይሻላል። አዲስ ያላትን አሳዪው።

ሶላት ካለበት ኑር መስጊድ እዚሁ በኒን ሰፈር ፒያሳ ነው፣ አይቸገርም።

የ4 ኪሎዋ

ሰዓዳዬ አላህ ይስጥልኝ፣ ይሄ ነበር ያስጨነቀኝ። 6 ኪሎም በጣም አመሰግናለሁ፣ ደረጃውን እኔም አልፌው ነው የምሄደው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጥሬ ሥጋውስ? አርብ ማታ ሲገቡ ደሞ ምን ልስጣቸው? ማታ ዘፈንስ? ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ልውሰዳቸው ብዬ ነበር።

ጎድን ተዳቢት

ጥሬ ሥጋ በእኔ ይሁን። አንደኛ ቅዳሜ ወይ እሁድ ምሳ ሰዓት ብሉ እንጂ ማታ አትብሉ፣ ምሳ ላይ ሥጋው ገና ነው። ሰው የሚበዛበትን ሥጋ ቤት ምረጪ፣ ባዶ ቤት ከሆነ እለፊው። መስቀያው ጋ ራሳችሁ ሂዱና አሳዩኝ በሉ፣ ከሻኛም ከጎድንም ቀይም ጨምርልኝ ብለሽ አስቆርጪ፣ ዝም ብለሽ ከወንበር ካዘዝሽ የተረፈውን ነው የሚያመጡልሽ። ከመቆረጡ በፊት የኪሎውን ዋጋ ጠይቂ፣ 15 ፐርሰንት ቫት ይጨመርበታል ወይ በይ፣ አንዳንድ ቤት 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅም አለ። ይሄን ሳይጠይቁ ቢል ሲመጣ እንግዳ ፊት መሳቀቅ ነው። ሚጥሚጣና አዋዜ ሁለቱንም አስመጪ፣ ድራፍት ለሚጠጣ ድራፍት ለማይጠጣ አምቦ ውሃ። እናትየውን ግን አትውሰጂ፣ እሳቸው ያን ሰዓት ይረፉ።

ቢጫ ጃኬት

አርብ ማታ እናትየው ጾመኛ ናቸው፣ ከአውሮፕላን ወርደው ደክሟቸዋል፣ ሽሮ ተጋቢኖ ትኩስ ትኩሱን በልተው ይተኙ በቃ። ደሞ ጃኬት ይያዙ ብለሽ አሁኑኑ ደውዪላቸው! ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ 2,400 አካባቢ ናት፣ ማታ ይበርዳቸዋል። አቀበት ላይም ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ የመጀመሪያው ቀን ቀስ በሉ፣ መጠጥም አታብዙ።

ሌሊት ሹፌር

የማታውን እኔ ልንገርሽ፣ ስሠራ የማድረው በዚሁ ነው። ካዛንቺስ የምታስቢው ካዛንቺስ አሁን የለም። ፈንዲቃ የሚባለው የአዝማሪ ቤትም ከዛ ተነስቷል፣ አዝማሪ ቤቶቹም ተበትነዋል፣ ትዝታ ይዘሽ ሄደሽ ባዶ ቦታ እንዳታሳያቸው። የባህል ጭፈራ ከፈለጉ ቦሌ ዮድ አቢሲኒያ ወይ 2000 ሐበሻ፣ ሁለቱም የየብሔረሰቡን ጭፈራ ያሳያሉ፣ ቅዳሜ ይሞላል ቀድመሽ ደውለሽ ቦታ ያዢ።

ስድስት ኪሎ ነኝ

እኔ በዚህ አልስማማም። የባህል ቤት ለፈረንጅና ለዲያስፖራ ነው፣ ዋጋውም ለደሞዝተኛ አይሆንም፣ የአገር ልጅ ምን ሊያይ ነው እስክስታ?

ሌሊት ሹፌር

ወንድሜ ስንት የክፍለ ሀገር እንግዳ አድርሼ መልሻለሁ፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚወጡት። የድሬ ልጅ የወላይታን፣ የጉራጌን፣ የትግራይን ጭፈራ አንድ መድረክ ላይ የት ያያል? ውድ ነው ያልከው ልክ ነው፣ ስለዚ እራት ሌላ ቦታ ቀለል ያለ በልተው፣ እዛ መጠጥና ለስላሳ ብቻ ይዘዙ። አዝማሪ ካጋጠማችሁ ደሞ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ስማችሁን ጠይቆ ግጥም ሲያወርድላችሁ ግንባሩ ላይ መለጠፍ ነው፣ ድፍን ኖት ብቻ ይዞ መቀመጥ ያሳፍራል። ከ4 ሰዓት ማታ በኋላ በእግር አትዙሩ፣ ራይድ ወይ ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ጥሩ፣ መኪናው እስኪመጣ ስልክ እጃችሁ ላይ አታንጠልጥሉ፣ ሞተረኛ ነጥቆ ነው የሚሄደው፣ በር ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ።

እሁድን በትያትር

እሁድን ማንም አላነሳውም። እናታችን ካሉ ትያትር ውሰጃቸው! ሀገር ፍቅር ፒያሳ ነው ከ1927 ጀምሮ አለ፣ ብሔራዊ ትያትር ደሞ በ1948 ለጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ የተከፈተ ነው፣ እሳቸው በዛ ዘመን ያደጉ ናቸው። ተቀምጠው ነው የሚያዩት ጉልበት አያስቸግርም። ከትያትሩ በፊት ለገሀር ባቡር ጣቢያውን አሳዪያቸው። ድሬዳዋን የፈጠራት ያ ባቡር አይደል እንዴ? ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እንደ ፈረንጅ ነው። ለድሬ ሰው ለገሀር ከሁሉም ቦታ ይበልጣል፣ እዛ ቆመው ፎቶ ካልተነሱ ይቆጫቸዋል።

ስድስት ኪሎ ነኝ

የለገሀሩ ነገር እውነት ነው እኔ አላሰብኩትም። እሁድ ጠዋት ደሞ በአታ ይሂዱ፣ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ እዛ ናቸው ያረፉት፣ እናታችን ይወዱታል። ከዛ አንድነት ፓርክ ቅርብ ነው፣ መታወቂያ ግዴታ ነው፣ የምኒልክን የግብር አዳራሽ ያያሉ፣ ጎፈሬው ጥቁር የሆነውን አንበሳም። ግን ግቢው ሰፊ ነው ብዙ ያስኬዳል፣ እሳቸው አዳራሹን አይተው ጥላ ያለበት ይቀመጡ፣ እናንተ ዙሩ። ማታ ወዳጅነት ፓርክ መብራቱና ፏፏቴው ያምራል።

አንዲት እናት

ልጆቼ አንድ ነገር ልጨምር። መስቀል አደባባይ ጋ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አለ፣ ብዙ ሰው እንግዳ ይዞ ይገባል። የልብስ፣ የጫማ፣ የአጽም ቅሪት ነው ያለው፣ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው። የኔ ልጅ፣ የጓደኛሽ እናት በ1969ና 70 ዕድሜያቸው አስራ ምናምን ነበር። ያ ዘመን ለእኛ ሙዚየም አይደለም። ሳታማክሪያቸው አታስገቢያቸው፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ልግባ ካሉ ደሞ አብረሽ ግቢ፣ ከጎናቸው አትራቂ። ወጣቶቹ ግን ማየት አለባቸው።

የ4 ኪሎዋ

እማዬ ተባረኪልኝ፣ ይሄን በፍጹም አላሰብኩትም፣ ቀጥታ ይዣቸው እገባ ነበር። ጓደኛዬን ቀድሜ እጠይቃታለሁ፣ ቤታቸው ውስጥ የተነካ ሰው ካለ ትነግረኛለች።

እንግዲህ ቅዳሜ ከ6 ኪሎ ቁልቁል፣ ምሳ ጣይቱ፣ ማታ ቦሌ። እሁድ ጠዋት በአታና አንድነት ፓርክ፣ ምሳ ላይ ወንዶቹ ይለያያሉ፣ ከዛ ለገሀርና ትያትር። ሰኞ ጠዋትስ? በረራው 9 ሰዓት ላይ ነው።

ሌሊት ሹፌር

ሰኞ ጠዋት መርካቶ እንዳትሄዱ፣ ከወጣሽ መመለሱ አይታወቅም። እናታችን የሀገር ልብስ ከፈለጉ በጠዋት ሽሮ ሜዳ ደርሳችሁ 5 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ዋጋ ተከራከሩ፣ የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አትግዙ። ሻንጣ ሆቴል ይቀመጥ። ከፒያሳ ቦሌ ኤርፖርት ሰኞ ቀን መንገዱ ከያዘ ይይዛል፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ መኪና ውስጥ ሁኑ፣ ከመንገድ ይልቅ እዛ መጠበቅ ይሻላል። የተፈጨ ቡናውን ሻንጣ ውስጥ በደንብ አሽጊላቸው፣ ይበተናል።