የሲ-47 ጎማ ማጠፊያ ሲሊንደር ጎሚኒ ፍለጋ

በአሜሪካ በአንድ አነስተኛ ሙዚየም በበጎ ፈቃድ የምንጠግነው ጡረታ የወጣ ሲ-47 የጦር ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. በረራ የጀመረበት ዓይነት ነው። የግራውን ጎማ የሚያጥፈው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ያፈሳል። በሰም ወረቀት የተጠቀለለ፣ 1944 የሚል ማኅተም ያለበት አሮጌ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽግ ቀለበት) ገዝቼ ቀየርኩ። በሳምንቱ አብጦ፣ በጥፍር ሲነካ እንደ ሊጥ የሚሰረጉድ ሆኖ አገኘሁት። ለካ የተፈጥሮ ጎማ ኖሯል፤ እኛ የምንሞላው ደግሞ የተፈጥሮ ጎማን የሚያሳብጠውን ቀዩን የማዕድን ዘይት ነው። የሲሊንደሩ ውስጥ አንድም ጭረት የለበትም፤ እንዲህ ያለ ዕቃ መጣል አንጀቴ አልቻለም። በዚህ አውሮፕላን ላይ የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ ቀዩን ዘይት የሚችል፣ ከሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ የቪ ቅርጽ ጎሚኒ በዚሁ ልክ ከየት ማግኘት ይቻላል?