የሶቪየት ዋንጫ የማን ነው?

የማርቆሱ፦ ትናንት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ኳስ ስናይ አንዱ «ሩሲያ እኮ በ1960 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫ በልታለች» ሲል ደሜ ፈላ። የበላችው ኋላ ለ15 አገር የፈረሰችው ሶቪየት ናት! ፓሪስ ላይ ዩጎዝላቪያን 2 ለ 1 ሲረቱ አቻ ያደረጋቸው ሜትሬቬሊ ጆርጂያዊ ነው።

የባሕር ዳሩ፦ ወንድሜ፣ ፊፋ ራሱ የሶቪየትን ውጤት ለሩሲያ ነው የሚመዘግበው። የውጭ ዕዳውን የተሸከመች ሩሲያ፣ የተመድን ወንበር የወሰደች ሩሲያ። ዕዳ የከፈለ ዋንጫውም ይገባዋል።

የሞጣው፦ «ዕዳ የከፈለ» ነው ያልከው? በ1988 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰውን የሶቪየት ቡድን እየው እስቲ። አሰልጣኙ ሎባኖቭስኪ የዩክሬኗ ኪየቭ ሰው። በሆላንድ 2 ለ 0 በተሸነፉበት ጨዋታ ሜዳ ከገቡት አብዛኞቹ የዲናሞ ኪየቭ ልጆች። አሌይኒኮቭና ጎትስማኖቭ ከቤላሩሷ ሚንስክ። ለሶቪየት 42 ጎል ያገባው ብሎኪንም የኪየቭ ልጅ ነው። ይሄ ሁሉ ዕዳ ስላልከፈለ ባዶ እጁን ይግባ? እኛ ጎጃም ርስት ስንካፈል ዕዳውን ከፍያለሁ ብሎ ሁሉን የሚጠቀልል ወንድም ማን ዝም ይለዋል?

የባሕር ዳሩ፦ ርስትማ ይቆረሳል። አንድ ዋንጫ ለ15 አገር ልትቆርስ ነው?

የማርቆሱ፦ ማን ይቆረስ አለ? የኦሎምፒክ ኮሚቴ የሶቪየትን ሜዳሊያ ለብቻው ነው ያስቀመጠው፣ ሩሲያ ላይ አልደመረውም። ፊፋን ምን ከለከለው?

የቡሬዋ፦ የፈረሰችው የዩጎዝላቪያም ያው ነው። ተጫዋቹ ፕሮሲኔችኪ በ1990 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ለዩጎዝላቪያ አገባ፣ በ1998 ለክሮኤሺያ አገባ። የ1990ው ውጤት ግን ለሰርቢያ ተጻፈ።

የባሕር ዳሩ፦ እሺ፣ ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስንበላ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ነበር። በናንተ አካሄድ ከኤርትራ ጋር ልንካፈል ነዋ?

የሞጣው፦ አታምታታ። ኢትዮጵያ መቼ ፈረሰች?

የማርቆሱ፦ ሉቺያኖ የኛ ነው። አንድ የአስመራ ሰው «የኔም ነው» ቢለኝ ግን ምን ብዬ እከለክለዋለሁ?

የሞጣው፦ ትከለክለዋለህ! አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ያስቀረነው ዋንጫ ነው። ሉቺያኖ የለበሰው የኢትዮጵያን ማሊያ ነው።

የቡሬዋ፦ ብሎኪንም የለበሰው የሶቪየትን ማሊያ ነው፣ ለሱ ስትከራከር አልነበር? ደግሞ ግብፅ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበረች። የ1959 እ.ኤ.አ.ን የአፍሪካ ዋንጫ ስትበላ ከሶሪያ ጋር አንድ አገር ነበሩ። ዛሬ የግብፅ ብቻ ተብሎ ይቆጠራል።

የባሕር ዳሩ፦ ጎሽ እህቴ! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

የቡሬዋ፦ አይደለም። እኔ የምለው ሶሪያም ልትጠየቅ ይገባ ነበር ነው።