4294967297 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም?

ሊዱ_ኮድ፦ ሰላም ናችሁ፣ ቲቸራችን ሰሌዳ ላይ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 ጻፈና ሁሉም ፕራይም ናቸው፣ ቀጣዩን ደግሞ ቤታችሁ ፈትሹት ብሎን ወጣ። እነዚህ 2 ፓወር 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ላይ 1 የተደመረባቸው ናቸው፣ ስለዚህ ቀጣዩ 2 ፓወር 32 ሲደመር 1 ነው፣ ማለትም 4294967297። በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩት፣ ማሽኑ 1 ብሎኝ ቁጭ። በእጄ በ3 በ7 በ11 በ13 ሞከርኩ፣ ሁሉም ይተርፋል። ሲያዩት ፕራይም ይመስላል እኮ 😅

ቢት_በቢት፦ አንሳይንድ ኢንት ተጠቅመሽ ነዋ። እሱ 32 ቢት ነው፣ ጣሪያው 4294967295፣ አንድ ስትጨምሪበት ወደ 0 ይመለሳል፣ ሌላ አንድ ስትጨምሪ 1። 64 ቢት በሆነው ሎንግ ሎንግ አድርጊውና ከ3 ጀምረሽ በጎዶሎዎቹ ብቻ እስከ 65536 እያካፈልሽ ሂጂ፣ ስኩዌር ሩቱ እዛው ጋ ስለሆነ ከዛ በላይ መልፋት አያስፈልግም።

ተስፍሽ፦ ምን ያደክማችኋል ፕራይም ነው፣ የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ራሱ የዚህ ዓይነቶቹ በሙሉ ፕራይም ናቸው ብሏል

ቾክ_በእጄ፦ ተስፍሽ፣ ማለቱንማ ብሏል፣ ግን ማረጋገጫ አላመጣም። በፈረንጆቹ 1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር አፈረሰው፦ 641 × 6700417። ሊዱ ልጄ፣ ለዚህ ኮምፒውተርም አያስፈልግሽ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ሁሉ በ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። እንዲህ ያሉት በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው፣ አምስተኛው ላይ ያዝሽው ማለት ነው። ማካፈሉም ቢሰለችሽ ይቺን እይ፦ 641 ማለት 5×128+1 ነው፣ ስለዚህ 5 ጊዜ 2 ፓወር 7 በ641 ዓይን (በ641 ሲካፈል በሚተርፈው ብቻ ስናየው፣ ከ641 በ1 ስለሚያንስ) −1 ነው። ፓወር 4 አድርጊው፣ 5 ፓወር 4 ጊዜ 2 ፓወር 28 እኩል ይሆናል 1። አሁን ደግሞ 641 = 625+16፣ ስለዚህ 5 ፓወር 4 ማለት −16 ነው። ተኪው። 2 ፓወር 32 ራሱ −1 ሆኖ ይወጣል፣ 1 ስትደምሪበት ዜሮ፣ አለቀ።

ሊዱ_ኮድ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወረቀት ላይ ሠርቼው ቁጭ አለ!! ግን 64ቷ ከየት መጣች?

ቾክ_በእጄ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ፒ የሚባል ፕራይም ቁጥራችንን ያካፍለዋል እንበል። በሱ ዓይን 2 ፓወር 32 −1 ነው፣ ስኩዌር ሲሆን 2 ፓወር 64 ደግሞ 1። 32 ላይ ገና −1 ስለሆነ ከ64 በፊት 1 ሊሆን አይችልም። በፌርማ ትንሹ ቴዎረም ደግሞ 2 ፓወር (ፒ ሲቀነስ 1) በፒ ዓይን ሁሌም 1 ነው፣ ስለዚህ 64 (ፒ ሲቀነስ 1)ን ያካፍላል። ሰውየውን የጣለው የገዛ ቴዎረሙ ነው እንግዲህ።

ተስፍሽ፦ ኧረ ፌርማ 😂

ቢት_በቢት፦ ሊዱ ቅድም ጣሪያ ያልኩሽን 4294967295ንም በትኚው፦ 3×5×17×257×65537። ቲቸርሽ የጻፋቸው አምስቱ ናቸው፣ አንድም ሳይጎድል። ከነዚህ ውጪ የዚህ ዘር ፕራይም እስካሁን የተገኘ የለም።