የስቱዲዮው መሣሪያ ይከፈልበት ወይስ ከሰዓቱ ዋጋ ጋር ይታሰብ?

ባለሁለት ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሠፈር ባለ ሁለት ክፍል የቀረጻ ስቱዲዮ አለኝ። ዋጋዬ ከድምፅ ቀራጺው ጋር በሰዓት 600 ብር ነው። ቤቱ ውስጥ ኪቦርድ፣ ባለ አምስት ድራም ከነሲምባሉ (በዱላ የሚመታው የብረት ሰሃን)፣ ቤዝ ጊታር፣ ሁለት ክራር (አንዱ ኤሌክትሪክ)፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ከበሮ እና የተለያየ ቁመት ያላቸው ዋሽንቶች አሉ። እስካሁን የመጣ ሰው ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠቀምባቸዋል።

ጥያቄዬ፦ የቤቱን መሣሪያ የሚጠቀመውን ለብቻው ላስከፍል? አንዱ የመዝሙር ቡድን የሚቀዳው ድምፁን ብቻ ነው፤ ሌላው ባንድ ድራሙን ሲመታ ይውላል። ሁለቱም እኩል 600 መክፈላቸው አልዋጥልኝ ብሏል። በሌላ በኩል፣ ክራር ለማንሣት እንኳ ገንዘብ የሚጠይቅ ቤት ሰው ይሸሸዋል ብዬ እሰጋለሁ። የጥርና የሚያዝያ ሠርግ ሥራ ከመግባቱ በፊት የዋጋ ዝርዝሬን ማስተካከል ፈልጌያለሁ። ስሌቱን የምታውቁ እባካችሁ በቁጥር አስረዱኝ።

ገመድ ጠቅላይ

ወንድሜ፣ ለሁሉም መሣሪያ አንድ መልስ የለም። መጀመሪያ እያንዳንዱ በሰዓት ስንት እንደሚበላብህ አስላ። የተገዛበት ዋጋ፣ ሲቀነስ ወደፊት የሚሸጥበት፣ ሲካፈል እስከዚያ ለሚሠራው ሰዓት። በዚያ ላይ እየተቀየረ የሚያልቀውን፣ ማለትም ክሩን፣ ቆዳውን፣ ባትሪውን ደምር። ቀጥዬ የምጽፋቸው ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፤ በራስህ ደረሰኝ ተካቸው።

ኪቦርዱን 150,000 ብር ገዛኸው፣ ከ4 ዓመት በኋላ 70,000 ትሸጠዋለህ እንበል። በዓመት 500 ሰዓት ከሠራ፣ 80,000 ለ2,000 ሲካፈል በሰዓት 40 ብር ነው። ቤዙ 40,000 ተገዝቶ ከ5 ዓመት በኋላ 25,000 ቢያወጣና በዓመት 300 ሰዓት ቢሠራ፣ 15,000 ለ1,500 ሲካፈል 10 ብር ብቻ ይመጣል። ነገር ግን አንድ ስብስብ የቤዝ ክር 5,000 ከሆነና በየ100 ሰዓቱ ከቀየርከው፣ በሰዓት 50 ብር ሄደ። ክሩ ከጊታሩ አምስት እጥፍ ይበላል ማለት ነው። ድራሙም ያው ነው፤ እንጨቱ ብዙ ዓመት ይኖራል፣ የአምስቱ የላይ ቆዳ ግን 18,000 ወጥቶበት 150 ሰዓት ቢያገለግል በሰዓት 120 ብር ነው።

እንግዲህ እኔ የማየው እንዲህ ነው። ኪቦርዱን የማይነካ ደንበኛ ከስንት አንድ ነው፤ 40 ብሩን ሰዓቱ ውስጥ ክተትና 640 አድርገው፣ ስሙም አይነሣ። ድራሙን ለብቻው አውጣው። ለድምፅ ብቻ የመጡ መዘምራን የድራም ቆዳ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም። ቤዙ መሀል ላይ ነው፤ የራሱን ክር ይዞ መጥቶ የሚያስገባ ካለ በነፃ፣ ከሌለ የክሩን ድርሻ ይክፈል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ መሣሪያን በሰዓት አትቁጠር። ክራሩ መቼ ተነሣ፣ መቼ ተቀመጠ ብሎ የሚመዘግበው ማን ነው? ተጫዋቹም ሰዓቱ እየቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አዲስ ነገር መሞከሩን ይተውና የለመደውን መትቶ ይወጣል። ጉዳቱ ለሥራው ነው። ለግማሽ ቀን፣ ማለትም ለ4 ሰዓት፣ አንድ ቁርጥ ዋጋ አውጣ፤ በላይኛው ስሌት ለድራሙ 480 ብር ይሆናል።

ደግሞም ካስከፈልክ ግዴታ ገባህ። ክፍያ የተቀበልክበት ቤዝ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት) ላይ ሲያዝ የሚሰጠው ድምፅ ከክፍት ክሩ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጣዩ ከፍታ) በላይ በትክክል ማረፍ አለበት። ከፍ ካለ ክሩ የተቀመጠበትን ትንሽ ብረት ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት በብሎን ትወስደዋለህ። ይህን የምትሞክረው ደግሞ በአዲስ ክር ነው፤ ያረጀ ክር ምንም ብታደርገው አይገጥምም።

ስኔር 14

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ድራሙ ላይ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። የቤቱ ድራም ተቃኝቶ፣ ማይኮቹ ቦታቸውን ይዘው የቆመ ነው። ዋጋውን ከፍ ካደረግኸው ደንበኛው የራሱን በባጃጅ ጭኖ ይመጣል። ያኔ የአንተን መንቀል፣ የሱን መትከል፣ ከአዲስ መቃኘት፣ ስምንት ማይክ ማስተካከልና አንዱ የሌላውን ድምፅ እንዳይገድል ማየት፤ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ማታ ደግሞ የነበረውን መልሰህ ትተክላለህ። ስለዚህ ከቆዳው ዋጋ በላይ አንድ ብር አትጨምርበት። ይልቅ የውጭ ድራም ይዞ ለሚመጣ፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ዕቃው ከበር ሲገባ መሆኑን ቀድመህ ንገረው።

በብዙ ቦታ የተለመደው፣ ድራመሩ ዱላውን፣ ስኔሩን (ከሥሩ የሚንሿሿ ሽቦ ያለውን ድራም)፣ የእግር ፔዳሉንና ሲምባሉን ይዞ መምጣቱ ነው። ቶሎ የሚጎዱት እነዚህ ናቸውና። በፔዳል የሚመታው ትልቁ ከበሮና ቶሞቹ (የቀሩት ድራሞች) የቤቱ ይሁኑ። ይህን ካደረግህ ወጪህ ይቀንሳል።

ቆዳ የሚያልቅበትን ምክንያትም ለይ። የስኔሩ ቆዳ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል፤ መሀሉ ላይ የነበረው ሽፋን ተልጦ ጣት ሲያልፍበት ጎድጎድ ካለ፣ አልቋል። ይህ በአግባቡ መመታት ነው፤ ማንም ካሣ አይጠየቅበትም። ትልቁን ከበሮ የሚመታው የፔዳሉ መዶሻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ክብ ማጠናከሪያ ካልለጠፍክ ግን ጥፋቱ የቤቱ ነው። ስትቀይርም ብሎኖቹን በጣት እስኪጠብቁ አዙር፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅህ በግማሽ ዙር ሂድ። በዙሪያው በተራ ካጠበቅህ ቆዳው በአንድ ወገን ይወጠርና የማይጠፋ ጩኸት ይይዛል።

ሲምባል ሲሰነጠቅ ደንበኛን ከመክሰስህ በፊት መሀል ቀዳዳውን እይ። በመቆሚያው ብረትና በሲምባሉ መካከል ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ መኖር አለባት፤ ከላይና ከታች ደግሞ ወፍራም ጨርቅ። ቱቦዋ ከጠፋች ብረቱ ቀዳዳውን እየፈገፈገ ሞላላ ያደርገዋል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። የላይኛው ብሎን አለቅጥ ከጠበቀ ደግሞ ሲምባሉ መወዛወዝ ስለማይችል ምቱን ሁሉ ብረቱ ራሱ ይቀበልና ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሁለቱም የአሰቃቀል ጉድለት ስለሆኑ ለደንበኛው ዕዳ ማድረግ ነውር ነው። ቱቦዋ ደግሞ ከሁሉም ርካሿ ዕቃ ናት፤ አሥር ያህል በመሳቢያ ይኑሩህ።

አሥር አውታር

ልጄ፣ የባህል መሣሪያውን ከጊታርና ከድራም ጋር በአንድ ዝርዝር አትጻፈው። የሱ ወጪ ጊዜ ነው።

በገናውን እንውሰድ። አሥሩም አውታር የበግ አንጀት ከሆነ እርጥበት በመጣ ቁጥር ይለዋወጣል። በክረምት፣ በተለይ ከጣና የሚነሣው እርጥበት ቤቱ ውስጥ ሲገባ፣ ጠዋት የተቃኘው ከሰዓት አይገኝም። አዲስ አንጀት ሲሆን ደግሞ እየተለጠጠ ስለሚሄድ ቢያንስ ከዋዜማው ታስሮ፣ ደጋግሞ ተቃኝቶ ማደር አለበት። ከዚያ እንዚራው አለ። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት) መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ አቀማመጧ በጥቂቱ ከተዛነፈ፣ አንዱ አውታር ሲነዝር ሌላው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ማይክ ፊት ይህ ወዲያው ይጋለጣል። በእነዚህ ላይ ለሚጠፋው ጊዜ በተለመደው የሰዓት ዋጋ አስከፍል፤ «የመቃኛ ጊዜ» ብለህ ጻፈው። የበገና ኪራይ አትበለው። በገና የምስጋናና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ለማያውቀው ሰው እንደ ዕቃ የሚከራይ ባይሆን እመርጣለሁ። በዐቢይ ጾም የበገና ቀረጻ ስለሚበዛ አውታሩን ከጾሙ መግቢያ በፊት ቀይር።

ማሲንቆ የሚመታ ሰው የራሱን ይዞ ይመጣል፤ እጁ የለመደው እሱን ነው። የቤቱ የሚፈለገው ሲቸግር ብቻ ስለሆነ በነፃ ስጥ። ግን ዝግጁ ይሁን። ቆዳው በእርጥበት ሲላላ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ድምፁም ይታፈናል። ሙቀት በሚሰጥ አምፖል ግማሽ ሜትር ያህል አርቀህ፣ እያገላበጥክ ቀስ ብለህ አሙቀው። እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ድንገት ካወጣኸው ቆዳው ከስፌቱ ይተረተራል። የደጋኑ ጭራ በእጅ ወዝ ከረሰረሰ የማሲንቆውን አውታር ስለማይነክስ ጭራውን በእጅ የሚነካ ሰው አይኑር፤ ጭራው የሚቀባው ሙጫም አጠገቡ ይቀመጥ። ከበሮውንም በዚሁ መንገድ ታሞቀዋለህ።

ክራሩ ላይ ክፍያ አታብዛ፤ ክር ከበጠሰ የክሩን ይተካ፣ አለቀ። ሥራው ያለው ቅኝቱ ላይ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ በተዛወረ ቁጥር ክሮቹ እስኪረጉ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለደንበኛው «በአንድ ቅኝት ያሉትን ዘፈኖች አከታትለህ ቅዳ» ብትለው ከማንኛውም ቅናሽ ይበልጥ ትጠቅመዋለህ። ዋሽንት አፍ የሚነካው ነገር ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ይወልወል፤ ድምፁ በቁመቱ የተወሰነ ነው፣ እንደ ክራር ወደ ኪቦርዱ አይሳብም። ስለዚህ የዘፈኑን ቁልፍ (የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ) ሳይጠይቁ ዋሽንት የሚነፋ ሰው መጥራት የሰው ሰዓት ማባከን ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ከሲሚንቶ ወለልና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ። የእርጥበት መለኪያ ግዛና ክፍሉን ከ45 እስከ 55 በመቶ ለማቆየት ሞክር።

ባለሁለት ክፍል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ አሥር አውታር፤ ሌሎቻችሁም። ድራም በቁርጥ፣ ቤዝ በክሩ፣ የባህል መሣሪያ በመቃኛ ጊዜ፣ ኪቦርዱ ሰዓቱ ውስጥ፤ ይህ ገብቶኛል። የቀረኝ ጉዳት ነው። መታወቂያ መያዝ ወይም ማስያዣ ገንዘብ መቀበል ይሻላል? ኪቦርዱስ ላይ የምትሉኝ ነገር አለ?

አቀናባሪዋ

መታወቂያ አትያዝ። ሰውየው ያለ መታወቂያው ከተማ ውስጥ መንቀሳቀስ ይቸገራል፣ ከጠፋብህም ሌላ ጣጣ ነው። ለተሰበረ ዕቃም ዋስትና አይሆንህም። ለቀጠሮው የምትቀበለው ቀብድ በቂ ነው፤ ጉዳት ከደረሰ ከሱ ይታሰባል ብለህ ደረሰኙ ላይ ጻፍ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ርክክብ ነው። ደንበኛው ባለበት እያንዳንዱን ድራም አንድ አንድ ጊዜ ምታ፣ የቤዙን አራት ክር ክፍት አሰማ፣ የኪቦርዱን ቁልፎች ከዳር እስከ ዳር አስኪድ፣ ይህንንም ቅዳው። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ፎቶ ስንጥቅ ያሳያል፤ የሞተ ቁልፍና የሚንጫጫ ሶኬት የሚያሳይህ ግን ቅጂው ነው። ሲወጣም ይደገም።

ኪቦርድ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በምት አይደለም። አንደኛ አዳፕተር፦ የ12 እና የ16 ቮልት አዳፕተሮች መሰኪያቸው ሊመሳሰል ስለሚችል የየኪቦርዱ ስም የተጻፈበት ቀለም ያለው ፕላስተር ጠቅልልባቸው። ሁለተኛ መብራት፦ ድምፅ ወይም ስታይል (ኪቦርዱ የሚያጅብበት ምት) እየተቀመጠ ሳለ ቢጠፋ የተጠቃሚው ማኅደር ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) ኪቦርዱንም ይያዝ፣ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን። የቤቱን ስታይሎች በሙሉ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ፤ ደንበኛው ያዘጋጀውንም በስሙ በሌላ ፍላሽ ስጠው፣ የኪቦርዱ ውስጥ ላይ ማንም አይጻፍ። ሦስተኛ ፔዳሉ፦ ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ ፔዳሉ ያለበትን ሁኔታ እንደ ነፃ ይወስዱታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ ሰው እግሩን ፔዳሉ ላይ ካሳረፈ ሥራው ይገለበጣል፤ ሲረገጥ ድምፁ ይቆረጣል፣ ሲለቀቅ ይንጠለጠላል። ተበላሸ ብለህ ደንበኛውን እንዳታስከፍል፤ እግር አንሥተህ አጥፍተህ አብራው።

ከሁሉም የከፋው ያለፈው ሰው ትቶት የሄደው ቅንብር ነው። ትራንስፖዝ (የዘፈኑን ቁልፍ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ከ0 ወጥቶ፣ ማስተር ቱኒንግ (የመላው ኪቦርድ መቃኛ) ከ440 ኸርዝ ዝቅ ብሎ፣ ወይም የስኬል ቱን (የየኖታው መቃኛ) ለአንድ ቅኝት ተለውጦ ይቀራል። ቀጣዩ ሰው ክራሩን በዚያው ኪቦርድ ይቃኝና ቀኑን ሙሉ ይቀዳል፤ ቤዝና ዋሽንት ሲጨመሩ ነገሩ አይገጥምም። ሦስቱን ቁጥሮች በካርቶን ጽፈህ ኪቦርዱ ላይ ለጥፍ፣ ድምፅ ቀራጺው በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጀመሪያ ይያቸው።

ለዋጋ ዝርዝሩ ይህን ውሰድና እንደፈለግህ አስተካክል፦

«የሰዓት ዋጋው ኪቦርድን፣ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ከበሮንና ዋሽንትን ይጨምራል። ድራም ለ4 ሰዓት 480 ብር፤ ዱላ፣ ስኔር፣ ፔዳልና ሲምባል ደንበኛው ይዞ ይመጣል። ቤዝ ለ4 ሰዓት 200 ብር፤ የራሱን አዲስ ክር ለሚያስገባ ነፃ። የበገና መቃኛ ጊዜ በሰዓት ዋጋው ይታሰባል። በአግባቡ ሲጠቀሙ ለሚያልቅ ክርና ቆዳ ካሣ አይጠየቅም። ከወደቀ፣ ፈሳሽ ከፈሰሰበት ወይም ያለ ፈቃድ ከተፈታ፣ የጥገናው ዋጋ በደረሰኝ ይከፈላል።»

ይህን ቀጠሮ ሲይዝ በስልኩ ላክለት፣ ሲጨርስ አይደለም። የቫት ተመዝጋቢ ከሆንክ 15 በመቶው በድራሙና በቤዙ ክፍያ ላይም ይታሰባል፤ ዋጋውን ስትጽፍ ቫትን ይጨምር ወይም አይጨምር እዚያው ግለጽ።