«የውስጥ መመሪያ ነው» ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

የጎፋዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። የብቃት ማረጋገጫ ለማሳደስ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ባለሙያው ፋይሌን አገላብጦ «አዲስ መመሪያ ወርዷል፣ ተጨማሪ የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጪ» አለኝ። ላየው ስለው «የውስጥ ነው» አለ። ያላየሁትን እንዴት ነው የማሟላው?

የሸገር ልጅ፦ እቴ፣ ማስረጃው ካለሽ ሰጥተሽ ተገላገዪ። ክርክሩ ጊዜሽን ይበላል።

ባለካባው፦ እኔ አልስማማም። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት። ሁለቱም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ። መመሪያን ግን በአዋጅ ወይም በደንብ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ያወጣዋል፤ ጋዜጣው ላይም አይወጣም። ድሮ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረው ለዚህ ነበር። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለማስቀረት ነው የመጣው። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል። ከጸደቀ በኋላ ፍትሕ ሚኒስቴር (ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) ዘንድ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ድረ ገጽ ላይም ይጫናል። ይህን ያላለፈ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ «ቁጥሩ ስንት ነው?» በያቸው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ቢሮ ስለኖርኩበት ልጨምርልሽ። ብዙ ጊዜ «መመሪያ» የሚባለው መመሪያ አይደለም። ስብሰባ ላይ ኃላፊው «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ አንዳንዴም ሰርኩላር ይበተናል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ «መመሪያ ወርዷል» ይሆናል። ልጁ እየዋሸሽ አይደለም፣ ለሱም የተነገረው ይኸው ነው። አቅጣጫ ሠራተኛው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ይነግረዋል እንጂ አንቺ ላይ አዲስ ግዴታ አይጭንም።

የጎፋዋ፦ ቁጥሩን ጠይቄው «ቡድን መሪውን አናግሪ» አለኝ። በደብዳቤ ብጠይቅ ቂም ይዘው አያጉላሉኝም?

ባለካባው፦ ጥያቄ እንጂ ክስ አታስመስዪው። ይህ ይበቃል፦ «ተጨማሪ ማስረጃ እንዳቀርብ የተጠየቅሁበት መመሪያ ቁጥሩ ተገልጾ ቅጂው እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» በሁለት ኮፒ አሳትመሽ መዝገብ ቤት አስገቢ። ያንቺ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፊበት። እምቢ ካሉ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቂ። ቅሬታ ሰሚ ጋ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ስትሄጂ የምትይዢው እሱን ነው።

ጣና ዳር፦ ባሕር ዳር ላለነውስ ይሠራል?

ባለካባው፦ አዋጁ የፌዴራል ነው ወንድሜ። የክልል ቢሮ ከሆነ የክልሉን ሕግ ተመልከት።

የሸገር ልጅ፦ እኔ አሁንም ማስረጃው ካላት ትስጥ ባይ ነኝ። ደብዳቤውንም ጎን ለጎን ታስገባ።

ጡረተኛው፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ልጄ፣ የማሳደሻው ቀነ ገደብ መቼ ነው? ደብዳቤው ላይ እሱንም ጥቀሺ። በጊዜው ቀርበሽ እንደነበር ማሳያ ይሆንሻል።