ርካሹን ሜሞሪ ልያዝ ወይስ ውዱን ልግዛ?

ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ እና እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ዲዲአር 4 ሜሞሪዎች አሉት። ሜሞሪዎቹ በርካሽ የገዛኋቸው፣ በኤክስኤምፒ (አምራቹ ባዘጋጀው የፍጥነት ቅንብር) 3200 ፍጥነት፣ ሲኤል 16 (የምላሽ መዘግየት ቁጥር፤ ሲያንስ ይሻላል) እና 1.35 ቮልት ላይ ያለ እንከን የሚሠሩ ናቸው።

ችግሩ የጀመረው ወደ 3600 ላሳድጋቸው ስሞክር ነው። ሲኤል 16 ላይ ቮልቴጁን እስከ 1.40 ባደርሰውም ኮምፒውተሩ አልነሣም ስላለኝ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ቅንብር) ወደ መነሻው መመለስ ግድ ሆነብኝ፤ ሲኤል 18 ላይ ግን ዊንዶውስን ቢከፍትም የሜሞሪ መፈተሻው ፕሮግራም ሜምቴስት 86 በሁለተኛው ዙር ስህተት አወጣ። የምተዳደርበት ሥራ ቪዲዮ ማቀናበር በመሆኑና ፋይሎቼ እንዳይበላሹብኝ ስለምሰጋ፣ ስህተት ያለበትን ቅንብር ለአንድ ቀን እንኳ ልጠቀምበት አልፈልግም። ደግሞም ሳሰላው 3200 በሲኤል 16 እና 3600 በሲኤል 18 ሁለቱም 10 ናኖሰከንድ መዘግየት ስለሚሰጡ፣ ዋናው ትርፍ የዳታ ማስተላለፍ አቅሙና አብሮት የሚያድገው የኢንፊኒቲ ፋብሪክ (የፕሮሰሰሩን ክፍሎች የሚያገናኘው መስመር) ፍጥነት ነበር።

አሁን ከዱባይ የሚመጣው ወንድሜ ፍጥነት ሲጨመርለት በደንብ በመሥራት የሚታወቀው የሳምሰንግ ቢ-ዳይ ቺፕ ያለበት፣ 3200 ሲኤል 14 የሆነ በድምሩ 16 ጊጋባይት የሆነ ጥንድ ሊያመጣልኝ ይችላል። አንዴ ከመጣ መመለሻ የለውም፤ በዋጋው ደግሞ 32 ጊጋባይት ርካሽ ሜሞሪ ይገዛል።

በእንዲህ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ ቢ-ዳይን በ3600 ያለ ስህተት ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ለቪዲዮ ሥራ ውዱን ብገዛ ይሻለኛል ወይስ በ3200 ፍጥነት ቆይቼ መጠኑን ወደ 32 ጊጋባይት ባሳድግ?