ሁለት ዕድሜ ያለው የጥይት ሣጥን፦ የትኛውን ልመን?

የድሮ ወታደራዊ ዕቃ የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። አንድ ባዶ የብረት ጥይት ሣጥን ሳገላብጥ ሳምንት ሞላኝ። ጎኑ ላይ ከብረቱ ጎልቶ የተመታው ጽሑፍ «ካሊበር .30 ኤም 1» (የጥይቱ ውፍረት በኢንችና የሣጥኑ ሞዴል) ይላል፤ አጠገቡም ነበልባል ያለው ቦምብ አለ፣ የአሜሪካ ጦር የመሣሪያ ክፍል ምልክት። ይህ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥራ ነው፤ የእንጨቱን ሣጥን የተካው ትውልድ።

ግራ ያጋባኝ በላዩ በቢጫ ቀለም የታተመው የሌላ ጥይት መጠሪያ፣ «7.62 ሚሜ»፣ ነው፤ በክብ ውስጥ መስቀል ያለበት የኔቶ ምልክትም አብሮት አለ። ኔቶ ይህን ጥይት የተቀበለው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ነው! ታዲያ ጦሩ አሮጌውን ሣጥን ዳግም ሞልቶበት ነው ወይስ አንድ ነጋዴ ለገበያ ቀባብቶት? ክዳኑም የሌላ ሣጥን ሳይሆን አይቀርም፤ ከአካሉ ጠቆር ይላል፣ የውስጡ ጎማም እንደ አዲስ ለስላሳ ነው።

ጥጉ ላይ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ የሌላ ፊደል ጭራ ብቅ ብሏል። የሥሩን ጽሑፍ ሳላጠፋ የላዩን ቀለም በምን ላንሣው? በብርጭቆ ወረቀት ብቻ እንዳትሉኝ፤ አንድ ሣጥን በዚያ አበላሽቻለሁ።